የእንቅርት ዘይት ይዤ ወደ ዋግ፣ በሁዳዴ

ከዋግ ከተመለስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ለፋሲካ አሰላ እናቴ ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «እስኪ ሰቆጣን አጫውቺን» አለኝ። ውቅር ቤተ ክርስቲያኑን አየሽው? ገደሉ ያስፈራል? ማሩስ እንደሚባለው ነጭ ነው? ማሩ ነጭ ነው፤ ገደሉም ያስፈራል። ውቅሩን ግን አላየሁትም። ስምንት ቀን ሙሉ ሳይ የከረምኩት አንገት ነው። ይህን ስናገር ሁሉም ሳቁብኝና የቀረውን ሳልናገር ቀረሁ። አሁን በጽሑፍ ልሞክረው፤ ከአሰላ ተነስቶ ዋግ ድረስ የሚሄድ ሌላ ሰው ቶሎ የሚገኝ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። አዲስ አበባ በአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ነገር አዘጋጃለሁ። ሥጋ በስሱ እቆርጣለሁ፣ ቀለም አጠጣዋለሁ፣ በሁለት መስታወት መሃል አጣብቀዋለሁ። ያዘጋጀሁትንም ለሕክምና ተማሪዎች በሰሌዳ እየሣልኩ አስረዳለሁ። ነርስ አይደለሁም። በመንገዱ ሁሉ ግን ሰው «ሲስተር» ሲለኝ ማረሙ ሰልችቶኝ ተውኩት።

ወደ ዋግ የተላክሁት ለእንቅርት ነው። ከባሕር በራቀ፣ ዝናብ አፈሩን አጥቦ በጨረሰው ደጋ፣ አዮዲን የሚባለው ነገር ከውሃውም ከእህሉም ይጠፋል። አንገታችን ላይ ያለችው እጢ ሆርሞኗን የምትሠራው በአዮዲን ስለሆነ፣ ሲጠፋባት ትለፋለች፣ ስትለፋም ታብጣለች። ሰው የሚያየው እብጠቱን ነው። የባሰው አይታይም። እርጉዝ ሴት ይህ ሆርሞን ካነሳት የፅንሱ አንጎል በወጉ አይገነባም፤ የሚወለደው ልጅ መስማት፣ መናገር፣ ማደግ ሊያቅተው ይችላል። እኔም አንገት እንድመረምር፣ የአገሩን ጨው እንድፈትን፣ ከዚያው አገር የጤና ረዳት ጋር ሆኜ አዮዲን ያለበት ዘይት ለእርጉዞችና ለወጣት ሴቶች እንዳድል ነበር ትእዛዙ። ዘይቱ ለሙከራ ከውጭ የመጣ፣ በካፕሱል የታሸገ ነው።

ሰኞ።

ከአዲስ አበባ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሾፌራችን ጋሽ በቀለ ይባላል፤ ስድሳ የተጠጋ፣ ቁጥብ፣ ሲናገር ግን የሚያሳርፍ ሰው ነው። ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን ሳቅፈው አየና «ጡት ይፈልግ ይሆን?» አለኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ኬላ በደረስን ቁጥር የይለፍ ወረቀቴ ላይ «የእንቅርት ጥናት» የሚለውን ወታደሩ ያነብና እጁን ወደ ራሱ አንገት ይልካል። አንዱ ደግሞ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ «እስኪ ጓድ ሲስተር፣ የእኔን ዳሺው» ብሎ አንገቱን በመስኮት አስገባልኝ። ዳሰስኩት። ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ፤ ጋሽ በቀለ ሞተሩን አጥፍቶ እንቅልፉን ተኛ።

ጣርማ በር ዋሻ ላይ አስመለሰኝ። ደብረ ሲና ሻይና ቆሎ ነፍስ ዘራብኝ። የአሰላ ልጅ ሜዳ ነው የለመድኩት፤ እንዲህ መኪና እንደ ዝንጀሮ ገደል ላይ ሲንጠለጠል ሆዴ አይችልም። ደሴ ስንገባ መሽቷል። ያደርንበት ሆቴል አልጋው ድንጋይ፣ ሽሮው ግን በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ።

ወልድያ ምሳ በላን። ከቆቦ አልፈን ሜዳው ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሙቀቱ የሚያነድ ነው፤ እንዳይንገጫገጭ ብዬ የካፕሱሉን ሳጥን ከሞተሩ አጠገብ ካለው መቀመጫ ሥር ማስገባቴ ያኔ አላሳሰበኝም። ማሳቸው ላይ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ሳንጠራቸው መጡ፤ አንዱ ድንጋይ አስደገፈ፣ አንዱ ከጋሽ በቀለ ጋር ጎማ ፈታ። ሲጨርሱ ውሃ በቅል አጠጡን። እኛ አገር ቢሆን አስር ሰው ይሰበሰብና ዘጠኙ ምክር ይሰጣል። እዚህ ሁለት ሰው መጣ፣ ሁለቱም ሠሩ።

ከአላማጣ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት። ማታ ኮረም ብርዱ አጥንት ይገባል። ያደርንበት ቤት ባለቤት ሦስት ብርድ ልብስ አልብሳኝ አራተኛውን ይዛ ስትመጣ «እንግዲህ እኔን ነው ወይስ ብርድ ልብሱን ነው የምታስተኚው?» ብያት አብረን ሳቅን።

ረቡዕ።

ከኮረም እስከ ሰቆጣ መንገዱ አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የለም ይባላል። ስንደርስ ፀጉሬም ጥርሴም አንድ ቀለም ሆኗል። ከተማው ውስጥ ስብሰባ ስለነበረ አልጋ ጠፋ። ጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀበለን አቶ ኪዳኑ ነው፤ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ኽምጣንጋ አፉን የፈታበት የጤና ረዳት፣ አጭርና ቀልጣፋ። ትንሽ አሰበና ወደ አንድ ሱቅ ወሰደን።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝና አቡጀዲ ትሸጣለች። ባሏ ለንግድ ወጥቷል። ኪዳኑ ገና ነገሩን ሳይጨርስ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ግቢ» ብላ ሻንጣዬን ቀማችኝ። ጾም ላይ መሆኔን ስትሰማ ለእኔ ብቻ ምስር ቀቀለች። ድስቱ አዲስ መሆኑን እንዳውቅ ከሱቁ መደርደሪያ አውርዳ፣ ወረቀቱን ከፊቴ ላጠችው። «ወላሂ፣ ሥጋ አልነካውም» አለችኝ። እኔ አልጠየቅኋትም። እንዲህ ያለ መስተንግዶ አዲስ አበባ ቢሆን የምስጋና ደብዳቤ ያስጽፋል።

ሐሙስ።

የሱቋ በር ላይ ወንበር ይዤ ጨው መፈተን ጀመርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ጨው ላይ ፈሳሽ ጠብ ይደረጋል፣ አዮዲን ካለበት ይጠቁራል። ከአፋር በግመል የመጣውን አሞሌ ፈተንኩ፣ የተፈጨውን ፈተንኩ፣ ጎረቤት ሱቅ ያለውን አስመጥቼ ፈተንኩ። አንዱም አልጠቆረም። እትዬ ዘሀራ ጨውዋ እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ሲቀር ኩራት ተሰማትና «ንጹሕ ነው አላልኩሽም?» አለችኝ። ንጽሕናው ነው ችግሩ ብዬ ሳስረዳት በጣም አዘነች።

እዚያው ሳለሁ አንዲት ደንበኛ መጣች። አንገቷ ዙሪያውን ረድፍ በረድፍ ተነቅሷል፤ እንዲህ ያማረ ንቅሳት አይቼ አላውቅም። «እንዴት ያምራል! ማን ነቀሰሽ?» አልኳት። ሴትዮዋ ኪዳኑን አየች፣ ኪዳኑ እትዬ ዘሀራን አየ፣ እትዬ ዘሀራ አፏን ሸፈነች።

«ሲስተር፣ ጌጥ አይደለም እኮ» አለኝ ኪዳኑ ቀስ ብሎ። «እንቅርቱ እንዲቆም ነው የሚነቀሰው። መድኃኒት ነው።»

ጠጋ ብዬ ስዳስሰው በንቅሳቱ ሥር እብጠቱ አለ። ከረቡዕ ጀምሮ ስንቱን አንገት «ያማረ» ብዬ አልፌዋለሁ! እንቅርት ልትቆጥር የተላከች ሴት እንቅርቱን በጌጥ አሳለፈችው። መዝገቤን ዘግቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ዓርብ።

ላንድሮቨሩንና ጋሽ በቀለን ሰቆጣ ትተን፣ ከኪዳኑ ጋር በሁለት በቅሎ ወደ ደሃና፣ ወደ አምደወርቅ ተነሳን። በቅሎ እችላለሁ ብዬ ነበር፤ የአሰላ በቅሎ ግን ቁልቁለት ምን እንደሆነ አታውቅም። የእኔዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ለምለም ነገር ስትፈልግ እግሬ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ኪዳኑ ከበቅሎው ጭነት ላይ ጠፍር ቆርጦ ጫማዬን እንደ ከበሮ ጠፈረልኝ፤ እስካሁን አሰላ እናቴ ቤት በር ላይ አለ፣ አልጣልኩትም።

የደጋው አየር ሲነፍስ ግን ሁሉን ረሳሁት። ገብሱ፣ ድንጋዩ፣ ከሩቅ የሚታየው ተራራ በተራራ ላይ ተደርቦ። ሰዉ ከድንጋይ ላይ አፈር እየሰበሰበ ነው የሚያርሰው ማለት ይቻላል። እኛ ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጠን ዝናብ ዘገየ ብለን እናማርራለን።

አምደወርቅ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የመሠረተ ትምህርት አግዳሚ ወንበሮች ተገጣጥመውልኝ አደርኩ። ሊቀመንበሩ ራሱ ስልጆና እንጀራ በሞሰብ አመጣልኝ፤ «የዘመቻ አስተማሪዎቹም እዚህ ነው ያደሩት፣ አንቺ በወንበር ቁጥር ትበልጫቸዋለሽ» አለኝ።

ቅዳሜ።

ከአምደወርቅ ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ አንድ መንደር ደረስን። እዚህ ነው ነገሬ የሚጀምረው።

የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚሰማው አንድ ሰው ነው፤ ቄስ ኃይለ ማርያም። ቅዳሴ ይገባሉ፣ የቆሎ ተማሪም ያስተምራሉ፣ ስለዚህ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥያቄ የማይሰለቻቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ከሌላው ሰው አብዛኛው ኽምጣንጋ ስለሚናገር ኪዳኑ ይተረጉምልኛል። ያረፍኩት ከእሳቸው ግቢ፣ ለተብርሃን ከምትባለው ልጃቸው ቤት ነው። ባሏ ሚሊሽያ ሆኖ ከዘመተ ሁለት ወሩ ነው። እሷም ከፀነሰች አራተኛ ወሯን ይዛለች። አንገቷ ሦስት ረድፍ ተነቅሷል። አሁን ተምሬያለሁ፤ ዳሰስኩት፣ የዶሮ እንቁላል ያህላል።

የመጀመሪያ ልጇ ወርቄ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። አትሰማም፣ አትናገርም። ማይክሮስኮፑን ሳወጣ መጥታ ከሥሩ ያለችውን መስታወት ነካች፤ የፀሐዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲዘል አይታ እጆቿን እያጨበጨበች ሳቀች፣ ደጋግማ አዘለለችው። እናቷ ከኋላ ቆማ ታያታለች። ምን እንደሚያስፈራት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

የኔታ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «እንቅርቱ አንገት ላይ ነው። አእምሮ ደግሞ እዚያ ላይ። ምን አገናኛቸው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ነው ማይክሮስኮፑን ያን ሁሉ አገር አቅፌ የመጣሁት። ሁለት የአይጥ አንጎል ቁራጭ ይዤ ነበር፤ አንዱ የጤነኛ፣ አንዱ እጢው ገና በጨቅላነቱ የወጣበት። የኔታ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፍተው በአንድ ዓይናቸው አዩ።

«በዚህኛው ክሩ ጥቁርና ወፍራም ነው። በዚያኛው ሳስቷል።»

«እንዴት አወቁ!» አልኩ፤ ተማሪዎቼ ይህን ለማየት አንድ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ከዚያ አስረዳኋቸው። በአንጎል ውስጥ ሐሳብ የሚያመላልሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ብቻቸውን ግን አይደሉም፤ ዙሪያቸውን የሚደግፏቸው ሌሎች ሕዋሳት አሉ፣ የሚመግቧቸው፣ የሚጠብቋቸው፣ ክራቸውን በስብ ልባስ የሚጠቀልሉላቸው። ከአንገት እጢ የሚወጣው ሆርሞን እነዚህን ደጋፊዎች ቀስቅሶ ሥራ ያስጀምራቸዋል። ሆርሞኑ ካልደረሰ ነርቩ ቢኖርም ልባሱ ይሳሳል።

የኔታ ጢማቸውን እየዳበሱ «ነርቩ ሙሽራው ነው በይኛ» አሉ። «ሙሽራ ራሱ ምን ይሠራል? ሚዜዎቹ ናቸው የሚያለብሱት፣ የሚያጎርሱት፣ የሚያጅቡት።»

«አዎ፣ የኔታ!»

«ያ ከአንገት የሚወጣው ደግሞ ጠሪው ነው። ጠሪ ካልመጣለት ሚዜ ከቤቱ አይነሳም። አዮዲን ያልሽውም የጠሪው ስንቅ ነው። ስንቅ የሌለው ጠሪ መንገድ ላይ ይቀራል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩትን ነገር እኒህ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሠርግ ጨረሱት። እንደዚያ ቀን አፍሬና ተደስቼ አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ዘይቱ የጾም ነው?»

«ከእህል ዘር የተጨመቀ ነው፣ የኔታ። የጾም ነው» አልኳቸው በሙሉ ልብ።

እሑድ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጠ። የኔታ በኽምጣንጋ ተናገሩ፤ ኪዳኑ በጆሮዬ ተረጎመልኝ። ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሚዜው፣ ስለ ጠሪው ተናገሩ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዘር የተጨመቀ ነው፣ ጾም አይገድፍም። እኔ ልጀምር፣ እዩ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«የኔታ፣ ለእርስዎ ዕድሜ እኮ አልታዘዘም» አለ ኪዳኑ።

«ካላዩ አያምኑም» አሉ። አንዷን ካፕሱል ወስደው በውሃ ዋጡ። ኪዳኑ ልባቸው ቶሎ ቶሎ የመታ እንደሆነ ወዲያው እንዲልኩበት አስጠነቀቃቸው። ለተብርሃን ከሰልፉ ፊት ነበረች፤ ለእሷም አንዷን ሰጠኋት፣ ውሃው እስኪደርሳት በመዳፏ ያዘቻት። ለተከታይዋ ሳወጣ ግን ካፕሱሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የቆቦ ሙቀትና የሞተሩ ግለት ነው። በጣቴ አሙቄ ላላቅቃቸው ስሞክር እጄ ላይ ለዘብ አለ፣ ተጎተተ፣ ሽታውም መጣ።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በየቀኑ መስታወት የማጣብቅበት ጀላቲን ነው። ጀላቲን ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ አላውቅም፣ ያችን አንዲት ቃል ግን አነበብኳት። ዘይቱ የጾም ነው። ሽፋኑ የፍስክ ነው። እኔ ደግሞ ቄሱን በአደባባይ አስገድፌያቸዋለሁ።

ኪዳኑን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ዝም ብንልስ፣ ሲስተር? ማንም አያውቅም። ለእነሱው ጥቅም ነው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል ነበር። የለተብርሃን ሆድ ከፊቴ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም፣ የፅንሱ አንጎል የሚሠራው አሁን ነው። ከተናገርኩ ማንም ላይወስድ ይችላል። ግን የኔታ እዚያው ቆመው፣ የውሃውን ዋንጫ እንደያዙ፣ ሰውን እያበረታቱ ነው። ስማቸውን ለእኔ ቃል አስይዘዋል። ሄጄ ነገርኳቸው።

ዋንጫውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ «ሳላውቅ ዋጥሁ። እሱ በእኔና በአምላኬ መካከል ነው» አሉ። «እነዚህ ግን አውቀው ይምረጡ።»

ወደ ሕዝቡ ዞረው ሁሉንም ነገሩ። የእኔን ስህተት የራሳቸው አድርገው ነው የተናገሩት፣ «አጣርቼ አልጠየቅኋትም» ብለው። ሰልፉ ፈረሰ። የታመመና እርጉዝ ቢወስድ ራሳቸው እንደሚፈቅዱም ጨመሩ። ማንም አልተነሳም። ለተብርሃን መጥታ ካፕሱሏን መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት።

«የኔታ ፈቅደዋል እኮ፣ እህቴ» አልኳት።

«እኔ አልታመምሁም» አለች። አማርኛዋ ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉን እየመረጠች ትናገራለች። ከዚያ ከሴቶቹ ራቅ አድርጋ ወሰደችኝ። «ወርቄን እንዲህ ያረግኋት እኔ ነኝ። አርግዣት ሳለሁ በሁዳዴ ራበኝ። አንድ ቅል ወተት ጠጣሁ። ማንም ሳያየኝ። ስትወለድ እንዲህ ሆና መጣች። ሁለተኛ አልገድፍም፤ ይሄንንም ላጥፋው እንዴ?»

እጇን ያዝኳት። «ወተቱ አይደለም» አልኳት። «ለተብርሃን፣ ስሚኝ፣ ወተቱ አይደለም። ከጨውሽ የጠፋ ነገር ነው። ትናንት አባትሽ ያሉት ስንቅ ነው። አንቺ ወተቱን ባትጠጪም ወርቄ እንዲሁ ነበር የምትወለደው።»

ፊቴን አየችኝ። አመነችኝ ማለት አልችልም። ካፕሱሏን ከመዳፌ መልሳ አንስታ ወደ ፀሐይ ይዛ አገላበጠቻት፤ ውስጡ ያለው ወርቅማ ዘይት ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ይታያል።

«መድኃኒቱ የቱ ነው? ዘይቱ ነው ወይስ ቆዳው?»

«ዘይቱ።»

«ታዲያ ቆዳውን ማን ብሉ አለን?»

ከአጥሩ ላይ አንድ እሾህ ቀነጠሰች። ካፕሱሏን ወጋች፣ ምላሷን አወጣች፣ ጨመቀችው። ሽፋኑን ለእኔ መለሰችልኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከጀላቲን ጋር የኖርኩ ሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሴቶቹ አይተዋል። አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ የኔታም ሳቁ። ሰልፉ ተመልሶ ተሠራ፤ እያንዳንዷ የራሷን እሾህ ይዛ። ኪዳኑ እየመዘገበ፣ እኔ ባዶ ሽፋን በሳህን እየተቀበልኩ፣ ሳጥኑ እስኪጋመስ ድረስ ሠራን። በመልሴም ይህን ዘዴ ለእትዬ ዘሀራ ነግሬያታለሁ። የምን እንስሳ ቆዳ እንደሆነ እርግጠኛ እንዳልሆንኩም አልደበቅኋትም። «አብሽሪ፣ መርፌ እኛ ጋም አለ» ብላ የሰፈሯን ሴቶች ሰብስባ ከኪዳኑ ጋር አደለች።

ሰኞ።

ጠዋት በቅሎዎቹ ተጫኑ። ለተብርሃን ስንቅ ቆሎና ነጭ ማር በቅል ቋጠረችልኝ፤ እምቢ ብል ከበቅሎዋ ላይ ራሷ አሰረችው። ወርቄን አዝላ፣ የኔታም ብትራቸውን ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰን ሸኙኝ። የኔታ ካፕሱሏን ከዋጡ ገና አንድ ሌሊት ነው። በሌሊቱ ልባቸው አስቸግሯቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ጠየቅኋቸው።

«ልቤ ደህና ነው» አሉና ቆሙ። «ትናንት ለልጄ ወተቱ አይደለም ብለሻታል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«ስለ ዘይቱ ሽፋን ተሳስተሽ ነበር። መጥተሽ ነገርሽኝ። በዚህስ ተሳስተሽ እንደሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«በዚህ አልተሳሳትኩም። በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። አዮዲን በሌለበት ደጋ ሁሉ እንደ ወርቄ ያሉ ልጆች ይወለዳሉ፣ እናታቸው ብትጾምም ባትጾምም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ጊዜ መጥታ ነገረችኝ» አሉ። «ወተት ጠጣሁ ብላ። ልጅቱን አየሁና በወተቱ ነው አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ይኸው ስድስት ዓመት ስትሰግድ።»

ለተብርሃን መሬት መሬት ታያለች። ወርቄ በእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ እኔን ታየኛለች።

የኔታ ብትራቸውን ድንጋይ ላይ አስደገፉ። ጥምጣማቸውን በሁለት እጃቸው አወለቁ፤ ራሳቸው ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው። ወደ ልጃቸው ዞረው ጎንበስ አሉ። በኽምጣንጋ ሊናገሩ ይችሉ ነበር። በአማርኛ የተናገሩት እኔም እንድሰማቸው ይመስለኛል።

«ለተብርሃን፣ ልጄ፣ ፍቺኝ።»

ያች ቃል በዚያ አገር ወደ ቄስ ነው የምትሄደው፣ ከቄስ ተመልሳ አትመጣም። ለተብርሃን ከልጅነቷ ጀምሮ እሳቸውን ይፍቱኝ ስትል ኖራለች፤ መልሱን አፏ ላይ አድርጋው አታውቅም። ኪዳኑ ፊቱን ወደ በቅሎዎቹ አዞረ። እኔ ግን ማየቴን መተው አልቻልኩም። ለተብርሃን ወርቄን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አዘለቻትና እጇን ዘርግታ የአባቷን ትከሻ ነካች።

«እግዜር ይፍታዎ፣ አባዬ» አለች።